መርታትና ማሳመን



በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ በየቤታችን፣ በየማኅበራችንና በየሸንጎው ዘወትር የሚያጋጥመን ነው። የሰው ንግግር ግልጽ የሚሆነው እንዴት ሲሆን ነው? ማስረጃውስ የሚያስረዳው ምን ሲያሟላ ነው? ግልጽ ሆኖ፣ ማስረጃም ተጨምሮበት፣ የሰሚውን ልብ ሳይነካ የሚቀረው ንግግር ለምን በዛ? ይህ ለተማሩ ሰዎች መጨዋወቻ ብቻ የሚሆን ጥያቄ አይደለም። በእኛ በደጋው አገር ሁለት ክንድ በማትሞላ የእርሻ ወሰን የተጀመረ ሙግት ደም እስከ መቃባት ሲደርስ ያላየ ወይም ያልሰማ ቤተ ሰብ ጥቂት ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ከእነዚህ ጠቦች አንዳንዶቹ ፍርድ ያገኙ መሆናቸው ነው። ዳኛው ፈርዷል፣ ረቺው ረትቷል፤ ተረቺው ግን ወደ ቤቱ የገባው ዝም ብሎ እንጂ አምኖ አይደለም። ዝም ያለ ሰው ደግሞ ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ ያድራል።

ቋንቋችን ይህን ልዩነት ከእኛ አስቀድሞ ያውቀዋል። «ረታ» ስንል የምንናገረው ስለ ተናጋሪው ጉልበት ነው። «አፍ አስያዘው» ስንል የተያዘው አፍ ነው፤ ስለ ልብ የተነገረ ነገር የለም። «አሳመነ» ስንል ግን ሥራው የተፈጸመው በሰሚው ውስጥ ነው፤ ቃሉም «አመነ» ከሚለው የተገኘ ነውና አንዱ ለሌላው ሊያምንለት አይችልም። «ገባኝ» የሚለውንም እንመልከት። ነገሩ ውጭ ነበረ፣ ወደ ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ በሩን የከፈተው ግን ባለቤቱ ነው። በሩን ሰብሮ የገባውንማ «ገባኝ» አንለውም፤ «ገባብኝ» ነው የምንለው።

አባቶቻችን ሙግት ይወዱ እንደነበር የታወቀ ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቢጣሉ የሚያልፈውን መንገደኛ አስቁመው ዳኝነት ያስቀምጡት ነበር። «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው፣ ዱላ ያነሣ እንኳ ቢሆን፣ ባለበት መቆም ነበረበት። ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው በቁራኝነት ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ችሎት ፊት ሲቀርቡም «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ ኩታቸውን እያጣፉ፣ በዘንጋቸው እያመለከቱ፣ ቤት በሚመታ ቃል ይሟገታሉ። በነገሩ የተማመነም ፈረስ፣ በቅሎ ወይም ማር ይወራረድ ነበር። ዛሬ ፍሬ የሌለውን ንትርክ «እሰጥ አገባ» የምንለው ከዚያው ከውርርዱ ሥርዓት በወረስነው ቃል ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሚያስቀናም የሚያሳስብም ነገር አለ። የሚያሳስበው ውበቱ ነው። ቃሉ ባማረ ቁጥር የተሰበሰበው ሰው ያደንቃል፤ አድናቆት ሲበዛ ደግሞ ሙግተኛው ነገሩን ትቶ ቃሉን ወደ ማሳመር ያዘነብላል። ውርርድ ከተጨመረበት ወዲያ «ይህስ እውነትህን ነው» ማለት በቅሎ ያስከፍላልና ማን ይደፍራል? እኛ ዛሬ በቅሎ አንወራረድም። ነገር ግን በጓደኞቻችን ፊት ስንከራከር ክብራችንን አስይዘን ስለምንገባ፣ የተናገርነውን መመለስ ከበቅሎ የከበደ ዕዳ ሆኖ ይታየናል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለውን ተረት ለሌላው ሰው እንጠቅሰዋለን እንጂ ለራሳችን ስንጠቅሰው አንሰማም።

የሚያስቀናው ደግሞ «ተጠየቅ» የሚባለው የሙግት ስልት ነው። ተጠያቂው ለተጠየቀው መልስ መስጠት ነበረበት፤ ጥያቄውን ዘልሎ ወደ ሌላ ወሬ መግባት አይቻለውም። በዚህም ጠያቂና ተጠያቂ የሚለያዩበት ነጥብ፣ ማለትም ጭብጡ፣ እየጠራ ይመጣል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ቢሆን ዳኛው የሁለቱን ወገን ቃል ሰምቶ፣ የሚስማሙበትን ከማይስማሙበት ለይቶ፣ ጭብጥ እንዲይዝ ያዛል። ምስክር ተጠርቶ የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከምስክሩ ነው፤ ስለ ምን እንደሚመሰክር ሳናውቅ።

ግልጽ ንግግር ማለት ጮክ ያለ ወይም የጣፈጠ ንግግር የሚመስለን ብዙዎች ነን። እስቲ በወጣቶች ስብሰባ ዘወትር የሚታየውን ዓይነት ምሳሌ እንውሰድ። ለበዓል የተዋጣ ጥቂት ገንዘብ አለ። አንድ ወንድም ተነሥቶ «ከበሮአችን ተቀድዷልና አዲስ ይገዛ» ይላል። አንዲት እኅት ደግሞ «ደብተር መግዛት ያቃታቸው ተማሪዎች እያሉ ከበሮ አይገዛም» ትላለች። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሽቅብ ይወጣል። አንደኛው ወገን ዳዊት በታቦቱ ፊት መዘመሩን ያነሣል፤ ሌላው ለድሃ መራራት ከመሥዋዕት እንደሚበልጥ ይጠቅሳል። ሁለቱም እውነት ነው፤ በሁለቱም ላይ ተቃውሞ ያለው አባል በስብሰባው ውስጥ አይገኝም። ሰዓቱ ግን ያልፋል፣ ፊትም ይቋጠራል። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሰው ተነሥቶ ከበሮውን ከግምጃ ቤቱ አምጥቶ ከመሐል ቢያስቀምጠው፣ የተቀደደው ቆዳው ብቻ ነው ወይስ እንጨቱም ተሰንጥቋል ብሎ ቢጠይቅ፣ ጭብጡ ተገኘ ማለት ነው። ቆዳ መለወጥ አዲስ ከበሮ የመግዛትን ያህል አያስወጣም፤ ለደብተሩም ይተርፋል ይሆናል። ግልጽነት የምንለው ይኸው ነው። የምንከራከርበትን ነገር ሁሉም ሊያየውና ሊዳስሰው ወደሚችልበት ሥፍራ ማምጣት።

ስለ ማስረጃ ደግሞ አገራችን ራሷ ታስተምረናለች። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኗን የማያውቅ የቆሎ ተማሪ የለም። ተማሪው ድጓውን በሌላ ቦታ ተምሮ ሊሆን ይችላል፤ ድምፁም ያማረ፣ ቃሉንም አንድ ሳያስቀር የያዘ ይሆናል። ሆኖም «አውቃለሁ» ማለቱ አይበቃም፤ ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። ቃሉን ልብ እንበለው፤ ማስመስከር ማለት ሌላውን ምስክር ማድረግ ነው። ማስረጃም እንደዚሁ ነው። ለተናጋሪው የታመነ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ለሰሚውም የታመነ መሆን አለበት። ሰሚው የማይቀበለውን መጽሐፍ ደጋግመን ብንጠቅስለት፣ የማያምነውን ሰው ምስክር ብንጠራበት፣ ድምፃችንን ከፍ ከማድረግ በቀር የጨመርነው ነገር የለም። ይህ ስለሆነም አንድን አዛውንት ለማስረዳት የፈለገ ወጣት ከትምህርት ቤት ባመጣው መጽሐፍ ከሚጀምር አዛውንቱ ራሳቸው በዐይናቸው ካዩት ቢጀምር የተሻለ ነው። ከጉና ተዳፋት አፈሩ በጎርፍ ስለ መሄዱ ከእርሳቸው የበለጠ ምስክር ከወዴት ይመጣል?

የመጻሕፍት ትርጓሜ ሊቃውንትም ሌላ ነገር ያሳዩናል። መምህሩ አንዱን ቃል ይተረጉሙና «አንድም» ብለው ሁለተኛውን ያመጣሉ፤ እንደገና «አንድም» ብለው ሦስተኛውን። ይህን ለሰማ እንግዳ ማመንታት ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን የሌላውን ትርጓሜ አጥርቶ ሳይዙ «አንድም» ማለት አይቻልም። ደቀ መዝሙሩ የራሱን ከመናገሩ በፊት የሌላውን በሌላው አፍ ልክ መናገርን ይማራል። እርግጥ ነው፣ በሁሉም ነገር «አንድም» ማለት አይቻልም፤ ወሰኑ ወይ ከድንጋዩ ወዲህ ነው ወይ ወዲያ ነው። ይሁን እንጂ የባላጋራን ነገር ሳያጣምሙ መናገር መቻል ከንግግር ጥበብ ሁሉ ከባዱ ነው እንላለን፤ ያልተሰማ ሰው አይሰማምና።

አሁን ደግሞ ከራሳችን ከተማ ታሪክ ጋር የተያያዘ አንድ ታላቅ ክርክር እናንሣ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ነገሡ፤ ከመቀመጫዎቻቸውም ዋነኛይቱ ደብረ ታቦር ነበረች። በነገሡ በዓመቱ ግድም ከካህናቱ ጋር ስለ መሬት ተከራከሩ። የንጉሡ ጥያቄ አጭርና ግልጽ ነበር። እናንተ ግማሹን መሬት የመስቀል መሬት፣ ግማሹን ሪምና ገዳም ብላችሁ ከያዛችሁት፣ እኔ ምን እበላለሁ፣ ወታደሬንስ ምን አበላለሁ? የሚል መንፈስ ያለው ጥያቄ ነው። ከካህናቱ ወገን የተሰጠው መልስ ደግሞ ልማድን የጠቀሰ ነበር። ንጉሥ ጥቂት ወራት በአንዱ አገር፣ ጥቂት ወራት በሌላው እየተቀመጠ፣ እየተዘዋወረ ይብላ፤ የቀድሞ ነገሥታትም እንዲሁ ያደርጉ ነበር የሚል ነው። ንጉሡ አልተቀበሉትም። ካህናቱም ከቦታቸው አልተነቃነቁም። በ1852 ዓ.ም. ግን ንጉሡ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ይበቃሉ በሚል ስሌት፣ ከዚያ ተርፏል ያሉትን መሬት ወስደው ግብር ለሚከፍል ገበሬ ሰጡ። ክርክሩን በክርክር ሳይሆን በሥልጣን ዘጉት ማለት ነው።

በዚህ ነገር ብዙ ሰው ወይ ለንጉሡ ወይ ለካህናቱ ወግኖ ይናገራል። እኛ ለጊዜው ወገን ሳንይዝ ክርክሩን ራሱን እንመርምረው። የንጉሡ ጥያቄ ግልጽ መሆኑን ማንም አይክድም። ማስረጃም አለው፤ መሬቱ በማን እጅ እንዳለ ሁለቱም ወገኖች ያውቁታል። የካህናቱም መልስ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ተዘዋዋሪ ቤተ መንግሥት የዘመናት ልማድ ነበር፤ ለመቅደሱ የተሰጠን ርስት መጠበቅም ተራ ስስት ተብሎ የሚጣል አይደለም። ታዲያ ለምን አልተሳመኑም?

እኛ እንደሚመስለን በዚያ ጉባኤ ላይ አንድ ሰው ጎድሏል። እርሱም ገበሬው ነው። ንጉሡ እየተዘዋወረ ይብላ ሲባል የሚበላው የማን ነው? ሠራዊት በሰፈረበት አገር ጎተራው የሚራቆተው፣ በሬው የሚታረደው የባላገሩ ነው። የካህናቱ መልስ ለተጠየቁት ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ነበር፤ ዕዳውን ግን በጉባኤው ላይ ባልነበረው ሰው ትከሻ ላይ አኖረው። የሚያስገርመው ንጉሡም ቢሆኑ ይህን አላነሡም። ወታደር ባላገሩን እንዳይዘርፍ ማድረግ ከዓላማቸው አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ጥያቄያቸውን ያቀረቡት «እኔ ምን እበላለሁ» ብለው ነው። ከሁሉ ይልቅ ካህናትን ሊነካ የሚችለው ምክንያት፣ ማለትም የድሃው መበላት፣ ሳይነገር ቀረ። ክርክሩም የሁለት ተመጋቢዎች ክርክር መሰለ። የመጋቢው ስም አልተጠራም።

ይህን ስናስብ ነቢዩ ናታን ትዝ ይለናል። ናታን ወደ ዳዊት በገባ ጊዜ «በድለሃል» ብሎ አልጀመረም። ብዙ መንጋ ያለው ባለጸጋ የድሃውን አንዲት በግ ወስዶ ለእንግዳው ማረዱን ነገረው። ዳዊት በዚያ በግ ነገር ላይ ጥቅም የለውም፤ ስለዚህ ቀና ፍርድ ፈረደ፤ ከፈረደ በኋላ ነው ያ ሰው አንተ ነህ የተባለው። ናታን ንጉሡን አልረታውም፤ ንጉሡ በራሱ ላይ ዳኛ እንዲሆን አደረገው እንጂ። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» የምንለው ምሳሌ ነገርን ስለሚያሳምረው ብቻ አይደለም። ምሳሌ ሰሚውን ከጥቅሙ ጥቂት ራቅ አድርጎ ያቆመዋል፤ ብርሌም የጠጁን መልክ ከውጭ እንደሚያሳይ።

ንጉሡም ካህናቱም የዳዊትን ታሪክ ከእኛ የበለጠ ያውቁት ነበር። የጠፋው ዕውቀቱ አልነበረም።

የዐፄ ቴዎድሮስ ውድቀት ከዚህ ክርክር ብቻ መጣ አንልም፤ ታሪኩ ከዚያ የሰፋ ነው። ነገር ግን በቤተ ክህነትና በቤተ መንግሥት መካከል የተከፈተው ቁስል እየሰፋ ሄደ እንጂ አልዳነም። አቡነ ሰላማ በመቅደላ ታስረው በ1860 ዓ.ም. እዚያው ዐረፉ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ከነአብያተ ክርስቲያኗ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን ራሳቸው አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። በመሬት ነገር ያልተሳመኑት ካህናት በየደብራቸው ያሉ የሕዝብ ጆሮዎች ነበሩ፤ የንጉሡ ዐዋጅ የሚሰማውም በእነርሱ አፍ አጠገብ አልፎ ነው።

ከዚሁ ጉዞ ግን ለርእሳችን የሚሆን ሌላ ነገር እናገኛለን። ከከተማችን አጠገብ ባለችው በጋፋት የአውሮፓ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች፣ መድፍ መሥራት አናውቅም ቢሉም፣ ንጉሡ ግድ ብለዋቸው ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ሠርተው ነበር። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል ይባላል። ያን መድፍ በሰው ጉልበት እየጎተቱ፣ ገደሉን እየናዱ፣ መንገድ እያበጁ እስከ መቅደላ ወራት ሲጓዙ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በዚያ የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል። ንጉሥ ድንጋይ ሲያነሣ እያየ እጁን አጣጥፎ የሚቆም ወታደር አይኖርም። የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ንግግር ጥበብ ሲጽፍ፣ ሰሚን ከሚያሳምኑት ነገሮች መካከል የነገሩን ምክንያትና የሰሚውን ስሜት ከቈጠረ በኋላ፣ የተናጋሪው ጠባይ ከሁሉ ይበረታል ለማለት ምንም ያህል አልቀረውም። የእኛ ሰው መጽሐፉን ሳያነብ ያውቀዋል፤ «እስቲ መጀመሪያ አንተ አድርገው» ይላልና። ነገር ግን በዚያ መንገድ ላይ ስንቱ በአክብሮት፣ ስንቱስ በፍርሃት እንደ ጎተተ ማን ይለየዋል? ፍርሃት ከእምነት ጋር መልኩ ይመሳሰላል፤ የሚለዩት አስፈሪው ዘወር ሲል ነው። የንጉሡም ሠራዊት በየሌሊቱ እየከዳ ያልቅ ነበር።

ሌላም ክርክር በዚሁ በደብረ ታቦር ተደርጓል፤ በአጭሩ እንለፈው። የጉንደትና የጉራዕ ጦርነቶች ካለፉ በኋላ፣ በጥቅምት 1872 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጎርደን ከግብጽ መንግሥት ተልኮ ዐፄ ዮሐንስን ለማነጋገር ወደዚህ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ የተወሰደባቸውን አገር፣ የባሕር በር፣ ጳጳስና የጦር ካሳ ጠየቁ። ጎርደን ደግሞ አገር እንዳይለቅ ታዞ የመጣ ነበርና ንግግሩ ያለ ፍሬ ተበተነ። አእምሮው የሰላ ሰው መሆኑን ጠላቶቹም አይክዱትም፤ ነገር ግን «እሺ» የማለት ሥልጣን የሌለው መልእክተኛ ምን ቢናገር ያሳምናል? ቦጎስ በስምምነት ለኢትዮጵያ የተመለሰው በ1876 ዓ.ም. በዐድዋ በተፈረመው ውል ነው፤ ያን ጊዜ ግብጽና እንግሊዝ በሱዳን የተነሣው የማህዲ ጦር አስጨንቋቸው ነበር። በደብረ ታቦር ያልተሰማው ነገር በዐድዋ ተሰማ። ነገሩ ያው ነበር፤ የተለወጠው የሰሚው ችግር ነው። ስለዚህ ነገራችን ሳይሰማ ሲቀር ሁልጊዜ ንግግራችን ደካማ ነው ብለን ተስፋ አንቁረጥ፤ ሌላው ሰው መስማት የሚችልበት ጊዜ ገና አልደረሰ ይሆናል። እኛም ወደ ውይይት ስንገባ አንዳች ነገር ለመቀበል ሥልጣን ለራሳችን ሰጥተን እንደ ሆነ ወይም እንደ ጎርደን ታዘን እንደ ሆነ መመርመር ይገባናል። በቡድን ተማክረን፣ ማን ምን እንደሚል ተከፋፍለን ወደ ስብሰባ የምንገባበት ጊዜ አለ። ያ ውይይት አይደለም።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። «ውሸትስ ያሳምን የለምን? አንደበተ ርቱዕ የሆነ አታላይ ስንቱን ያሳምናል!» ይባላል። እውነት ነው፤ ያሳምናል። ማሳመን ብቻውን የእውነት ምልክት አይደለም። አታላዩ ግን አንድ የሚጠላው ነገር አለ፤ ሰሚው ወጥቶ ሌላውን ወገን እንዲጠይቅ አይፈልግም። «ዛሬውኑ ወስን፣ ለማንም አትንገር» ይላል። በገበያ ጤፍ የምትሸጥ ሴት እንኳ እህሏን የምታምን ከሆነች «ዞረህ እይና ተመለስ» ትላለች። በቅርብ ዓመታት በየስልኩ እየተላለፈ ወንድምን ከወንድም የሚያጋጨው ወሬ ሁሉ መልኩ የመጀመሪያው ነው፤ ፋታ አይሰጥም።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ይህኛው ይበልጥ ይከብደናል። ምንም ቢነገረው የማያምን ሰው ይኖራል፤ እስኪያምን ይጠበቅ ከተባለ ፍርድ ይዘገያል፣ የተበደለውም ይጉላላል። ይህን አንክድም። ዳኛ መፍረድ አለበት፤ ማኅበርም በድምፅ ብልጫ መወሰን አለበት። የምንለው ፍርዱ ከወጣም በኋላ ያልታመነው ሰው ገና መልስ ያልተሰጠው ሰው ነው ነው። የረታን ወገኖች ብዙ ጊዜ የምንጨፍርበት ሰዓት፣ ሥራው ገና ግማሽ ላይ የደረሰበት ሰዓት ነው።

በፋርጣ ገጠር በወሰን ጠብ ሽማግሌ ሆነው የተቀመጡ አንድ አባት ያደረጉትን ሰምተናል። ሁለቱ ባላጋራዎች በየተራ ተናግረው ሲጨርሱ፣ ፍርድ ይሰጣሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ ወደ ከሳሹ ዞረው «በል እንግዲህ አሁን የእርሱን ነገር አንተ ንገረኝ፤ ያንተን ደግሞ እርሱ ይነግረኛል። የጎደለ ቢኖር ባለቤቱ ይሙላ» አሉት። ከሳሹ እያፌዘ ጀመረ። ተከሳሹ «እንዲህ አላልኩም!» ብሎ ተነሣ። ሽማግሌው አስቀመጡትና «እንደገና» አሉ። ሁለተኛውም አልሆነም። ቡናው ሁለተኛ ደርሶ፣ ጥላው ከዋርካው ሥር ወዲያ እስኪዞር ድረስ በዚሁ ቆዩ። በሦስተኛው ላይ ከሳሹ እያንዳንዱን ቃል እየመዘነ ተናገረ፤ የሟች አባቱ አደራ መሆኑን፣ ድንጋዩ በክረምት ጎርፍ ተንከባልሎ እንደ ሆነ እንጂ በሰው እጅ አለመነሣቱን፣ ተከሳሹ እንዳለው አድርጎ አስረዳ። ተከሳሹ ጥቂት ዝም አለና «አዎን፣ ያልሁት ይህንን ነው» አለ። ስለ ወሰኑ ገና አንድ ቃል አልተወሰነም ነበር። ሽማግሌው ግን ዘንጋቸውን ይዘው ተነሡና «በሉ፣ አሁን ወደ ማሳው እንሂድ» አሉ።